የጠረግነው የወንዝ ዳር

ሰኔ 9፣ ሰኞ

እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ከላይ ናቸው፤ ማንነታቸውን ጋሽ መኳንንትም በውል አያውቁም። የእድራችን ዳኛ ሆነው ሳለ ወሬ የሚደርሳቸው ሁልጊዜ ከእኔ በኋላ ነው። ብቻ የወንዛችን ዳር ላይ ችግኝ ሊተክሉ ነው። የወንዝ ዳር ኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ስለሆንኩ ዝግጅቱ እኔ ላይ ወደቀ። "እትዬ እፀገነት ካሉበት ምን ይጎድላል?" አሉ ጋሽ መኳንንት። እሳቸው ሲያሞግሱ ሸክም ሊጭኑ እንደሆነ ባውቅም ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛ ስቆጣጠር ኖሬ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማዘው ልጄን መሲን ብቻ ነው፤ እሷም አትታዘዝም።

ወርጄ ቦታውን አየሁት፤ ያሳፍራል። ከእነ ዱባለ ጓሮ በታች ያለው ዳር ግራዋው ከሰንሰሉ፣ ሰንሰሉ ከዝሆኔ ሣሩ ተጠላልፎ ጫካ ሆኗል። ወንዙ ያመጣው ፌስታልና የላስቲክ ጠርሙስ በየቅርንጫፉ ተንጠልጥሏል። መኪና የሚደርሰው ደግሞ እዚያ ብቻ ስለሆነ እንግዶቹ የሚቆሙት እዚያው ነው። እንግዳ እየመጣ ቤት ሳይጠረግ ይዋላል?

ሰኔ 13፣ ዓርብ

የእድራችን ሴቶች በሙሉ ወጡ፤ የቀረች ትቀጣለች ብዬ ስላስነገርኩ። ማጭድ ያላት ማጭድ፣ ዶማ ያላት ዶማ ይዛ መጣች። የእድሩ ገንዘብ ያዥ ፀዳለ ላይ ላዩን ስታጭድ አየኋትና፣ "እንዲህማ ከሆነ እንግዶቹ ሳይመጡ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከነሥሩ ንቀሉት" አልኩ። ነቀሉት። አልወጣም ያለውን አፈሩን በዶማ እየፈነቀልን አወጣነው።

መሃል ላይ የዱባለ ሚስት ሰርኬ ከጓሮዋ ብቅ አለች። ባሏ ከቤታቸው ጀርባ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቦታ ላይ ጎመንና ቆስጣ ያለማል፤ እሷ ደጃፏ ላይ ትሸጣለች፤ ጠላም ትጠምቃለች። የደቡብ ሰዎች ናቸው፤ እኛ ሰፈር ከገቡ ግን ቆይተዋል፤ ልጆቻቸው ከእኔዋ መሲ ጋር ነው ያደጉት።

"እትዬ፣ ሌላውን ያንሱት፤ ይቺን ጥግ ላይ ያለችውን ግራዋ ግን ይተዉልኝ። የጠላ ጋኖቼን የማጥበው በሷ ነው።"

"ግራዋ የትም አይጠፋም፣ ሰርኬ። በእንግዳ ፊት አታሳፍሪን" አልኳት።

ቆም ብላ አየችኝና ገባች። ክፉ ቃል አልወጣኝም። ወደ ማታ ዳሩ አንዲት ቅጠል ሳይቀርበት ለጥ ብሎ ነበር። ሴቶቹን አመስግኜ ሸኘኋቸው፤ እኔ ግን ቶሎ ልገባ አልቻልኩም፤ ቆሜ ሳየው ቆየሁ።

ሰኔ 15፣ እሁድ

አርፍደው መጡ፣ ቶሎ ሄዱ። ከአስኮ ያስመጣነውን የጽድና የግራቪሊያ ችግኝ በተቆፈረላቸው ጉድጓድ ከተቱ፣ ፎቶ ተነሱ፣ እጃቸውን ታጠቡ። አንደኛው ሰውዬ ዙሪያውን አይተው "ንጹሕ ቦታ ነው፤ የሌሎቹ ሰፈር እንዲህ አይደለም" አሉ። ጋሽ መኳንንት ወደ እኔ ጠቆሙ። ሰውዬው ጨበጡኝ።

መሲ "እማዬ፣ ይሄን ስትነግሪኝ ሦስተኛሽ ነው" አለችኝ። ትበለኝ።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ሲዘንብ አደረ፣ ሲዘንብ ዋለ። ወንዙ ቀይ ጭቃ ይዞ ይወርዳል። ከችግኞቹ የተወሰኑት የሉም። ክረምት ነው፣ ምን ይደረጋል። ፀዳለ ደውላ፣ "እትዬ፣ ዳሩ ሰንጠቅ ያለ መሰለኝ" አለች። ፀዳለ መሰለኝ ማለት ትወዳለች።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

የእነ ሰርኬ ማድ ቤት ወንዝ ገባ። ሰው አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰው እየጠራኝ ነው።

ማታ

ሰርኬ እሳት ልታያይዝ ወጥታ፣ ክብሪት ረስታ ወደ ትልቁ ቤት እንደተመለሰች ዳሩ ማድ ቤቱን ይዞ ተንሸራተተ። እኔ ስደርስ የቀረው አንድ ግድግዳና የተንጠለጠለ ቆርቆሮ ነበር። ጋኖቿ ሄደዋል፣ ድስቶቿ ሄደዋል፣ ለአዲስ ዓመት ያስቀመጠችው ጌሾ ሄዷል። ከጎመኑ ማሳም ግማሹ አብሮ ሄዷል። ዱባለ ወንዙ ውስጥ ገብቶ ቆርቆሮ ይለቅም ነበር፤ ሰው ውጣ ሲለው አይሰማም። ሰርኬ አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹም ከበቡኝና ያባብሉኝ ጀመር። ቤት የፈረሰባት እሷ፣ ማባበሉ ለእኔ።

ከችግኞቻችን አንድም አልቀረም። የሄደው ደግሞ እኛ ያጸዳነው ቦታ ብቻ ነው። ከሱ ከፍ ብሎ ያለው፣ ጊዜ አጥሮን ያልደረስንበት ጫካ፣ እንዳለ ቆሟል። በክረምት መሬት የትም ይንሸራተታል። የትም።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

የአፈር ጥበቃ ባለሙያ ተልኮ መጣ። ቱሉ ይባላል፤ ትሑት ልጅ ነው። ሱሪውን ሰብስቦ ወረደና አፈሩን በእጁ እየፈረፈረ አየው።

"ባዶ አፈር ነው የሄደው" አለ። "ሥር ቢኖረው ይይዘው ነበር። እዚህ ቀድሞ ምን ነበር?"

ጋሽ መኳንንት ወደ እኔ ዞሩ። ፀዳለ ነጠላዋን አስተካከለች። እኔም፣ "የእነ ዱባለ ጎመን እስከ ዳሩ ድረስ ነበር" አልኩ።

እውነት ነው። የፈለገ ሰው ይጠይቅ፤ እስከ ዳሩ ነበር። ቱሉ ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ መኳንንት "በቃ፣ ነገሩማ እሱ ነው፤ በየዓመቱ መሬቱን መቆፈር" አሉ። የቆመው ሰው ሁሉ ያንኑ ተቀበለ። ዱባለ ታች ስለነበር አልሰማም። ሰርኬ ግን ከኋላዬ ነበረች።

አልዋሸሁም።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ቅዳሜ የጻፍኩትን አነበብኩት። ያልዋሸ ሰው አልዋሸሁም ብሎ ይጽፋል?

የመሲ አባት የሞተ ጊዜ ሰርኬ ልቅሶው እስኪያበቃ ከደጄ አልጠፋችም። ዕቃ የምታጥበው እሷ፣ እንግዳ የምታስተናግደው እሷ። ሌሎቹ ሲቀመጡ አንድም ቀን ስትቀመጥ አላየኋትም። እኔ ደግሞ አንዲት የግራዋ ጥግ ነፈግኳት፤ ነፍጌም አልቀረሁ።

ነገ ሄጄ አናግራታለሁ።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

አልሄድኩም። ዘነበ።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ለጡረታዬ ጦር ኃይሎች ሄጄ ስመለስ ታክሲው ውስጥ ከኋላዬ ሁለት የሰፈራችን ሴቶች ተቀምጠዋል፤ አላዩኝም።

"ያ ጎመን ሻጩ ነው አሉ መሬቱን ያስናደው።"

"እኔማ ድሮም ብያለሁ። በሰው ወንዝ እንደፈለጉ..."

"አሁን ለሱ ብለን ድንጋይ ልንሸከም ነው።"

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። የመጀመሪያውን ምሳር ያነሳሁት እኔ ሆኜ ማንን እቆጣለሁ? "ወራጅ አለ" ብዬ ከፌርማታዬ ቀድሜ ወረድኩ። በዝናብ በእግሬ ገባሁ። መሲ "ታክሲ ጠፋ?" ስትለኝ "ጠፋ" አልኳት።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ሥራ ተጀመረ። ቱሉ እንዳሳየን ቀጥ ብሎ የተገመሰውን ዳር መጀመሪያ ቆርጠን ጋደል አደረግነው። ግርጌው ላይ በሽቦ መረብ ድንጋይ ታጨቀ፤ ጋቢዮን ይሉታል። ከበላዩ አፈር የሞላ የማዳበሪያ ከረጢት ተደረደረ። በየመሃሉ ቬቲቨር ሣር ተሰካ። ከዚያ ቱሉ ሰንሰል አምጡ አለን።

"ሰንሰል ምን ያደርጋል? አጥር ነው እኮ" አለች አንዷ።

"ቶሎ ሥር ይሰዳል። አንዴ ከያዘ አፈሩን አይለቅም።"

የሰንሰል ቁራጭ ከላይ ሰፈር ሰዎች ለምነን አመጣን። ከወር ተኩል በፊት ክምር ሙሉ ነቅለን ያቃጠልነውን። ፀዳለና እኔ አልተያየንም።

ድንጋይ ተሸከምኩ፤ ወገቤ እስኪቆረጥ። ማንም አላስገደደኝም። የሚደንቀው ሰዉ ነው፤ "በዚህ ዕድሜያቸው፣ ለሰው ቤት" ይላሉ። ጋሽ መኳንንት ወጣቶቹን በእኔ ሰደቧቸው፤ "እናንተ በስልክ ተደፍታችኋል፣ እሳቸውን እዩ" እያሉ። ዱባለ መጥቶ ድንጋዩን ከእጄ ተቀበለኝና "ይብቃዎት፣ እትዬ፤ ወገብዎን" አለኝ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ሰርኬ ለሠራተኛው ውሃ አዞረች። ለሁሉም በእጅ በእጃቸው ሰጠች። እኔ ጋ ስትደርስ ኩባያውን ድንጋይ ላይ አስቀምጣልኝ አለፈች።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ፍልሰታ ነው። ከኪዳን በኋላ የንስሐ አባቴን አገኘኋቸው። ቁጣዬን ነገርኳቸው፤ ልጄን እንደምጮህባት፣ ሰው እንደምንቅ። "ሌላስ?" አሉኝ። መስቀላቸውን እንደያዙ ጠበቁኝ። "ሌላ የለም፣ አባ" አልኩ።

ይኸው በፍልሰታ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዋሸሁ። ይቺን እንኳ አልዋሸሁም ልላት አልችልም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔው ነቅዟል፤ ይሸተኛል።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ጋሽ መኳንንት ቤት ድረስ መጡ። እድሩ እሁድ ይሰበሰባል፤ ዱባለ ቦታውን ይልቀቅ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ቦታው በስሙ አይደለም። ጎረቤት ፈቅዶለት ነው የሚያለማው፤ ጎረቤት ከከለከለው አለቀ።

"ቱሉ እኮ ጎመኑ ከዳሩ ፈቀቅ ካለ አይጎዳም ብሏል" አልኳቸው።

"ብሏል። ግን ያጠፋን ሰው እንዴት አምነን እንሰጠዋለን? የቀድሞውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ ብሎ እኮ ውሳኔውን ለእኛ ነው የተወው።"

"ልጆቹ ከዚያ ነው የሚበሉት፣ ጋሽ መኳንንት።"

"እርስዎ ሆድዎ አይችልም" ብለው በፍቅር ሳቁብኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሻይ ልጨምርልዎ አልኳቸው።

ከሄዱ በኋላ መሲ ብርጭቆ እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ "እማዬ፣ ያን ቀን ከነሥሩ ንቀሉት ስትዪ ድምፅሽ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር" አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው አላልኳትም። ልጄ እኔን ለማሳፈር አልነበረም የተናገረችው፤ ለእኔ አፍራ ነው። ይሄ የባሰ ነው።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ነገ እናገራለሁ። ፀዳለን ደውዬ "አብረሽኝ ተነሺ" አልኳት።

"እትዬ፣ እኛ እኮ የታዘዝነውን ነው" አለችኝ።

እውነቷን ነው።

ነሐሴ 18፣ እሁድ

ተናገርኩ። እንዴት እንደሆነ በሥርዓቱ ልጽፈው።

የእድሩ ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል። ዱባለ ከበሩ አጠገብ ቆሟል፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፤ ሰርኬ ከጎኑ አለች። ጋሽ መኳንንት ነገሩን ዘርዝረው ሐሳብ ያለው ሲሉ ተነሳሁ። ፋብሪካ ውስጥ በዚያ ሁሉ ማሽን ላይ ስጮህ የኖርኩት ሴት ድምፄ ጠፋኝ።

"ያንን ዳር ከነሥሩ ያስነቀልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ለእንግዳ እንዲያምር ብዬ ነው። ሰርኬ ተዉልኝ ብላ ለምናኝ አልሰማኋትም። አፈሩ የሄደው ባዶ ስለቀረ ነው። ቱሉ ሲጠይቅ ጎመኑን ያነሳሁትም ራሴን ለማዳን ነው። ዱባለ ጥፋት የለበትም።"

እፎይ አልኩ። አሁን ይፈርዱብኛል አልኩ በልቤ፤ እንዲፈርዱብኝም ፈለግሁ።

ጋሽ መኳንንት መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። "ሰማችሁ?" አሉ። "እናት ማለት ይቺ ናት። ጎረቤቷ እንዳይጎዳ ብላ ጥፋቱን በራሷ ላይ አመጣች።"

"አላመጣሁም፤ የራሴ ነው" አልኩ።

"ያጸዳችሁት ለልማት ነው፣ እትዬ። ልማት ጥፋት አይባልም። እርስዎ አጥፍተዋል ካልን እድሩ በሙሉ አጥፍቷል ልንል ነው?"

ሳቅ ሆነ፤ ከዚያ ጭብጨባ። ስንቶቹ ሴቶች ያን ቀን ዶማ ይዘው ከጎኔ ነበሩ። ዓይናቸውን ፈለግሁ። ፀዳለም ታጨበጭባለች። እንደገና አፌን ስከፍት አጠገቤ ያለችው ሴት እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ፤ "ይብቃዎ፣ እትዬ፣ ገብቶናል" እያለች።

ተወሰነ። ለእትዬ እፀገነት ሲባል ዱባለ ምሕረት አግኝቷል፤ ከዳሩ ፈቀቅ ብሎ ያልማ። "ና አመስግናቸው" አሉት። በሰው መሃል አልፎ መጣና ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ብጎትተውም አልነሳ አለ። "እግዜር ይስጥልኝ" ይላል። ቀና ብዬ ወደ በሩ ሳይ ሰርኬ ወጥታለች።

መሲ ማታ "ቢያንስ ቦታው ተረፈለት" አለችኝ፤ ልታጽናናኝ። ተረፈለት። ያላጠፋው ጥፋት ግን ለዘለዓለም ስሙ ላይ ቀረ፤ መሐሪዋም እኔ።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

ሰንሰሉ ቅጠል አውጥቷል። ቬቲቨሩም ይዟል። ትናንት ያን ያህል ዘንቦ አንዲት ከረጢት አልተነቃነቀችም። ቱሉ ፎቶ አንስቶ ወሰደ፤ ለሌሎች ሰፈሮች ማሳያ ይሆናል ብሎ። ስሜንም ጠየቀኝ። አትጻፈው አልኩት፤ ትሕትና መሰለው።

መስከረም 2፣ ዓርብ

ዱባለ መጣ። የታጠበ ጎመን በእቅፉ ይዟል፤ ከተረፈው ማሳ ነው። "እንኳን አደረስዎ" አለኝ። ግባ አልኩት። ጫማዬ ጭቃ ነው ብሎ በሩ ላይ ቆመ። መሲ ቤት አልነበረችም። ዛሬ ካልነገርኩት መቼም አልነግረውም ብዬ ጀመርኩ።

"ዱባለ፣ አንተ እንኳ እመነኝ። ያስነቀልኩት እኔ ነኝ። የማርኩህ ነገር የለም።"

"አውቃለሁ፣ እትዬ።"

"ምኑን ታውቃለህ?"

"ሲያስነቅሉ እኮ ጓሮ ነበርኩ። ለቱሉ ያሉትንም ሰርኬ ያኔውኑ ነግራኛለች።"

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። "ታዲያ ጉልበቴን ለምን ሳምክ?"

"ቦታውን እንዲተዉልኝ ነዋ።" ቁጣ የለበትም፤ የጎመን ዋጋ እንደሚናገር ሰው ነው። "እሷ ናት ብዬ ብነሳ ማን ይሰማኛል? እርስዎ ራስዎ ብለው አልሰሙዎት። አመስግን አሉ፤ አመሰገንኩ። ልጆቼ ይብሉ እንጂ እኔ ምን እሆናለሁ።"

"ሰርኬስ?"

"እሷ አልቻለችም። ወጣች።"

"በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና እናገራለሁ" አልኩት። "እስኪያምኑኝ ድረስ እናገራለሁ።"

"እባክዎ፣ እትዬ፣ አይናገሩ።" ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ጠንከር አለ። "አሁን ነገሩ ተቀምጧል። እንደገና ከተነሳ የቦታው ነገር አብሮ ይነሳል። ምሕረት ያገኘሁት በእርስዎ ስም ነው። ሲያመሰግኑዎት ዝም ይበሉ፤ ለእኔ የሚበጀኝ እሱ ነው።"

"እንዴት አድርጌ ዝም እላለሁ?"

"በክረምቱ ዝም እንዳሉት ነዋ" አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ጎመኑን በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አኑሮልኝ፣ "በሰላም ይዋሉ" ብሎ ወጣ።

መስከረም 9፣ ዓርብ

ዛሬ ከመሲ ጋር ዳቦ ቤት ተሰልፈን ሳለ ከፊታችን ያለች ሴት ዞር አለች። አላውቃትም፤ ከላይ ሰፈር ትሆናለች። አየችኝና ለጓደኛዋ፣ "እኚህ እኮ ናቸው፣ ያን ሰውዬ ያስማሩት። ጥፋቱን እኔ ነኝ ብለው" አለቻት። ጓደኛዋም እጅ ነሳችኝ። መሲ ቀና ብላ አየችኝ፤ ምን እንደምል ልትሰማ።

ምንም አላልኩም። ሴትዮዋ ተራዋን ለቀቀችልኝ፤ አልፌ ገዛሁ።